ቀለም ያለውን አልገዛም

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ? ባለቤትህስ፣ ልጅህስ? አማትህስ ከሕመሟ አገገመች? እኔ ደህና ነኝ፤ ንግዱም አይከፋም። እማዬ አለች፤ ደህና ናት ብዬ ግን አልዋሽህም።

እንደምታውቀው ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከለቃሚዎች እየገዛሁ ለፋብሪካ አስረክባለሁ። ፋብሪካው ዘንድሮ ቀለም የሌለውን ብቻ ነው የምቀበለው አለ። እኔም ለቃሚዎቹን አረንጓዴና ቡናማ አታምጡብኝ አልኳቸው። እነሱ ግን ያገኙትን ሁሉ በጆንያ ጠቅጥቀው ይመጡና ደጄ ላይ ዘርግፈው ይለያሉ፤ የማልገዛውን ከመጋዘኔ ጀርባ ቦዩ ውስጥ ይደፉታል። ማን ተሸክሞ ይመለሳል? እኔም እያየሁ መግዛቴን ቀጠልኩ። ላስጠርግ ብል ትርፉ እዚያው ይቀራል።

ቦዩ የሚወርደው እማዬ በምትጠብቅልህ ቤትህ በኩል ነው። ሰሞኑን ዶፍ ሲወርድ ጠርሙሱ ቱቦውን ደፈነውና ውሃው ቤትህን ሞላው። ስደርስ እማዬ አልጋዋ ላይ ቆማለች፤ ጠርሙሱ በዙሪያዋ ይንሳፈፋል። “ነይ እንጂ ነጋዴዋ፣ ዕቃሽ እቤቴ ድረስ መጣልሽ” ብላ ተቀበለችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲህ ሳል አልለቃት አለ። ሐኪሙ እርጥበት ውስጥ ካደረች ሳንባዋ አይችልም ብሏል። እኔ ጋ ነይ ብላት፣ “ልጄ መጥቶ የተዘጋ በር ያንኳኳ?” አለችኝ። ፀሐይ ስትወጣ መጀመሪያ ያሰጣችው የራሷን ፍራሽ እንዳይመስልህ፤ ለአንተ ያስቀመጠችውን ነው።

እኔ ለቃሚዎቹን ባባርር ለጎረቤቴ ነጋዴ ይሸጣሉ፤ የሚደፉት ግን እዚያው ቦይ ነው። ክረምቱም ገና ነው። ስለዚህ የቤቱን ነገር ቁርጥህን እወቅ።

እዚያ በምትኖርበት አገር ቤት መግዛትህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ለከርሞ እመጣለሁ የምትላትን አሁን ተው። እንደማትመጣ በገዛ እጅህ ጻፍላት፤ ጽሕፈትህን ታውቀዋለች። እኔ ብነግራት ቤቱን ለመጋዘን ፈልጋው ነው ትላለች። አልተሳሳተችም፤ ስትወጣ ጠርሙስ አስገባበታለሁ፤ ጠርሙስ ሳል አይዘውም። ደብዳቤህን ስታነብ ታለቅሳለች። ታልቅስ፤ ደረቅ ቤት ውስጥ ሆና ታልቅስ።

ባለቤትህን በጣም ሰላም በልልኝ። ልጅህን ሁለቱንም ጉንጭ ሳምልኝ፤ አማትህንም እግዜር ይማርሽ ብላለች በልልኝ። እማዬ ደግሞ ፍራሹ ደርቋል በይው ብላለች።

እህትህ
ከመጋዘኔ፣ ሐምሌ ፲፱