የወፍጮው ጢስና የዘነበች ልብ

ጥቅምት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ማታ 12 ሰዓት

ወፍጮው አሁን ቆመ። ጆሮዬ ገና ይጮኻል። ልጄ ዘነበች ከሚዛኑ ተነስታ እጇን ታጠበች፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አንተ ደብተር፣ ፊደል አልቆጠረም ብለህ እንዳትንቀኝ። ጂንካ ውስጥ የናፍጣ ሞተር እንደ እኔ የሚያስነሳ የለም።

የገበያ ቀን። ሰልፉ እስከ አጥሩ። ከገዘር መንደር የመጣች አንዲት ሴት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ባሻ፣ ዱቄቴ በመስኮት ኮበለለ ወይስ እርስዎ ጓዳ ገባ?» አለችኝ። ሳቁብኝ። በእኔ፣ በባሻ ወርቁ! ወዲያው ሳንቃ አመጣሁ፣ መስኮቶቹን ቸነከርኩ። ከእንግዲህ ነፋስ እንኳ አንዲት እፍኝ አይሰርቅም። ዘነበች ጢሱስ በየት ይወጣል አለች። የሞተሩ የጢስ ቧንቧ ዝጎ ተበስቷል፣ ግማሹን እዚያው ክፍል ውስጥ ይተፋል። በበሩ ይውጣ አልኳት። ጢስ ምን ያደርጋል፤ ጢስ ቤት አይደል ያደግነው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ዱቄት ጎደለ ያለ የለም። ኮራሁ። ዘነበች ግን ሰነፈች። ጆንያ ስትይዝ ያልባታል፣ ትቀመጣለች፣ ደረቷን ትይዛለች። ልቤ ይመታል አለችኝ። የማን ልብ አይመታም አልኳት። 19 ዓመቷ ነው። እኔ በሷ ዕድሜ በቅሎ ጭኜ ገደል ለገደል ስወጣ ልብ እንዳለኝም አላውቅ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሚጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ፣ ዲያቆኑ ነው። ይህን ለዘነበች ማስጻፍ አቃተኝ።

ሥራ መሀል አስታወከች። ሚዛኑ ላይ ተደፋች። ሴቶቹ ተያዩ። ሲተያዩ አየሁ። ደሜ ፈላ። ሰልፉ ሁሉ እያየ፣ ከማን ነው ያረገዝሽው? አልኳት። በነጠላዋ አፏን ጠረገች። እናቷ ሞታለች፤ ማን ይናገርላት። አንዲት የአሪ ባልቴት፣ «ተው አባባ፣ ልጅ ናት፣ ውሃ ስጣት» አለችኝ። አንቺ እህልሽን ጠብቂ አልኳት።

ዲያቆኑ ቀና ብሎ አየኝ። ጻፍ፤ እንድታየኝ አልጠራሁህም።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

አሁንም ዲያቆኑ ይጽፋል።

ሐኪም ቤት ሄድን። ከፊት እኔ፣ ከኋላ እሷ። የወሰድኳት ለመድኃኒት አይደለም፤ ከሐኪሙ አፍ ሰምቼ ያስረገዛትን ሰውዬ ሽማግሌ ፊት ላቆመው ነው። ሐኪሙ መረመራት። እርግዝና የለም አለ። ደግሜ ጠየቅኩ። የለም አልኩዎት እኮ ብሎ ተቆጣ።

ከዚያ ሥራዋን ጠየቃት። ሞተሩን፣ ቧንቧውን፣ መስኮቱን። መስኮቱን ማን ዘጋው ቢላት፣ «ዱቄት እንዳይበን ተዘጋ» አለች። ስሜን አላነሳችም።

የናፍጣ ጢስ ደም ውስጥ ገብቶ ልብን ያስጨንቃል አለኝ። መኪናና ፋብሪካ በበዛበት ትልቅ ከተማ የወጣቱን ልብ የሚጎዳ አየር አለ፤ ጂንካ ላይ ግን እናንተ በገዛ እጃችሁ ያን አየር አንድ ክፍል ውስጥ ዘጋችሁት አለ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካልኝ። ልቧ እንደ ተባረረ ሚዳቋ ይሮጣል። ከጢሱ ከወጣች ወጣት ናት፣ ጤናዋ ሊመለስላት ይችላል፤ ካልወጣች አላውቅም አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ዛሬም ዲያቆኑ ነው የሚጽፈው። ወፍጮው ቆሟል። ሳንቃውን ነቀልኩ። ቧንቧውን የሚበይድ ሰው ጠርቻለሁ። ይህ ቀላል ነው። ወሬው ነው የማይነቀለው። ወደ ኦሞራቴ የሚመላለሰው ሾፌር እንኳ፣ «ባሻ፣ አያት ሊሆኑ ነው አሉ!» ብሎ ጥርሱን አሳየኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በጥፊ ነበር። ምን ልበለው? ወሬውን የዘራሁት እኔ።

ዘነበች ከቤት አትወጣም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀረች። ይቅርታ ልላት ጓዳ እገባለሁ፤ ውሃ ጠጥቼ እወጣለሁ። ሆዴ በውሃ ተነፋ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

የምትጽፈው ዘነበች ናት። ለመንኳት። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም።

ይቅር በይኝ አልኳት። እሺ አለች። ቶሎ አለች፤ ቶሎ ማለቷ አመመኝ። ከዚያ፣ «አባባ፣ ይቅርታ የሚሉኝ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ያዋረዱኝ ግን ገበያተኛ ፊት ነው» አለች።

ነገ ቅዳሜ ነው። ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ድምፅ ሳይኖር፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ሰልፉ ፊት እቆማለሁ። ልጄ ንጹሕ ናት እላለሁ። ያሳመማት የእኔ ወፍጮ ነው፣ ያዋረዳት የእኔ አፍ ነው እላለሁ። የሚስቅ ይሳቅ። ሚዛኑ ላይ ከእንግዲህ አትቀመጥም፤ እኔ እቀመጣለሁ፣ የእኔ ልብ ያረጀ ነው።

አጠገቤ ቁሚልኝ አልኳት። አልቆምም አለች። «እኔም ያን ቀን ብቻዬን ነበርኩ።»

እሺ። ብቻዬን እቆማለሁ። እጄን የት እንደማደርገው ግን አላውቅም።