የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ይዤ ዋልኩ

አሰበ ተፈሪ፣ ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ዛሬ የሰው ሕይወት ኪሴ ውስጥ ዋለ።

ከድሬዳዋ የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተስፋዬ ወፍጮ ቤቱ ለጨመረው አዲስ ሞተር ማስነሻ ሊገጥም ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ ቆለፈና ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ከዚህ በፊት ሂርና ላይ ሲሠራ፣ እጁ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውስጥ እያለ፣ ቁልፉን ከሰቀለው ኮቱ ኪስ ወስደው ማጥፊያውን ሊከፍቱበት ነበር አሉ።

«ለምን ለእኔ?» አልኩት።

«ሌላው ለቅሶ አለው፣ እንግዳ አለው፣ የሚጠራው አያጣም። አንተን ማን ይጠራሃል?» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። የሰው ወሬ እየለቀምኩ ለመጽሔት የምጽፈው ሰውዬ! የእኔን ወሬ የሚጠይቅ እንደሌለ በአንድ ቀን አወቀብኝ።

የወፍጮው ባለቤት ሐጂ ዩሱፍ መጡ። «ልጄ፣ ሴቶቹ ከመሰላ ድረስ እህል ተሸክመው ነው የመጡት። አሮጌውን ሞተር ብቻ ትንሽ ላዙረው፤ ወላሂ፣ አዲሱን አልነካም!»

«ሐጂ፣ የሁለቱም መስመር አንድ ነው። ሰውየው ይሞትብዎታል።»

«ዛሬስ ሹም ሆንክብን!» ብለው እያጉረመረሙ አጠገቤ ቁጭ አሉ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ አወጉኝ።

ሞተሩ ሲነሳ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሐጂም ወደ ሥራቸው ሮጡ። ተስፋዬ ቁልፉን ተቀብሎኝ በአውቶቡሱ ሄደ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ማስነሻው ቶሎ ቢበላሽ ብዬ ተመኘሁ።