ቆሞ ስለሚሄደው ባቡራችሁ

ለተከበሩ የሕፃናትና የቤተሰብ መናፈሻ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለማዕረግዎ የሚገባውን ሰላምታ እጅ ነሥቼ አቀርባለሁ። እርስዎ እንደምን አሉ? ቤተሰብዎ፣ ምክትልዎ፣ የምክትልዎም ምክትል እንደምን ሰነበቱ? በተለይ አፍንጫዎ ደኅና ነው? ከመላው አካልዎ አፍንጫዎን ነጥዬ መጠየቄ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እፈራለሁ፤ ነገር ግን እርስዎ በሚያስተዳድሩት መናፈሻ ግማሽ ቀን ከዋልኩ በኋላ፣ ሌላው ቢቀር አፍንጫዎ የዓመት ፈቃድ ላይ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ስለጠረጠርኩ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው ቤቴ ውስጥ ሲሆን ታላቅ ወንድሜ አብሮኝ ይኖራል። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ቀስ በቀስ ብርሃኑን ከወሰደበት ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም ብሎ ተቀምጧል። ሐኪሙ መከረው፣ የድሮ ጓደኞቹ ለመኑት፣ እኔም እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም፤ እሱ ግን ወይ ፍንክች! በር ላይ ማን እንደቆመ፣ ሰማዩ ደመና ይሁን ፀሐይ፣ ሸሚዙ ከሱሪው ጋር ይሂድ አይሂድ የሚያውቀው እኔ ስነግረው ነበር፤ የነገርኩትንም አንድ ቀን እንኳ ደግሞ ጠይቆኝ አያውቅም። ታዲያ ባለፈው ወር ቁልፍ እየተከልኩ ሳለሁ፣ ከተቀመጠበት ሆኖ፣ "ያ ትንሹ ባቡር አሁንም አለ ይሆን?" አለኝ። ክው አልኩ። "እሱ ካለ እወጣለሁ" ብሎ ጨመረ። እንግዲህ አንድ ሰው ከቤቱ መውጣት አለመውጣቱ በእርስዎ ባቡር ላይ መንጠልጠሉን ማንም አልነገረዎትም፤ በዚህ አልፈርድብዎትም።

ያንን ባቡር ልጆች ሳለን እናታችን በየበዓሉ ታሳፍረን ነበር። አረንጓዴ ነበር፤ በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ ሾፌሩ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ጽዶቹ መሀል ሲገባ ቅርንጫፎቹ ክንዳችንን ይዳስሱናል፤ የእንጨቱን ድልድይ ሲሻገር ጥርሳችን ይንገጫገጫል፤ ከዚያ ዋሻው ይመጣል። እኔ ፈሪ ስለነበርኩ እዚያ ስንገባ ዓይኔን ጭፍን ነው። "አለቀ፣ አሁን ክፈቺ" የሚለኝ ወንድሜ ነበር። እሁድ ዕለት ሸሚዙን ራሴ ተኩሼ፣ ጫማውን ወልውዬ፣ ክንዱን ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ እንደ ልጅ እያወራ ነበር። ያየሁትንም በቅደም ተከተል ለክብርዎ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በበሩ ላይ "እንኳን ወደ ልጅነትዎ በሰላም ተመለሱ" የሚል ትልቅ ጽሑፍ አሰቅለዋል። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ የሳምንቱ ቆሻሻ ተከምሯል። ልጅነቴን በዚህ መልክ ጠብቀው ስላቆዩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፦ ስለ ዋሻው። መጸዳጃ ቤቱን ቆልፈው "ለጥገና ተዘግቷል" የሚል ወረቀት አስለጥፈዋል፤ ወረቀቱም ከፀሐይ ብዛት ገርጥቶ በጭንቅ ነው የሚነበበው። ሕዝቡ በበኩሉ ችግሩን ራሱ ፈትቶታል። የልጆቹ ዋሻ፣ ያ እኔ ጅብ የሚወጣበት ይመስለኝ የነበረው ዋሻ፣ የመናፈሻው ሽንት ቤት ሆኗል። ሽንት ቤት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ "ምነው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "እና ሰዉ የት ይሂድ፣ እናቴ?" አለኝ፤ እውነቱን ነው። ወንድሜ ገና ከሩቁ አፍንጫውን በእጅጌው ሸፍኖ "ምን ሞቷል?" ሲለኝ "ዋሻው" አልኩት። ይህን የጻፍኩት በአክብሮት ነው።

ሦስተኛውን ልለፈው፤ ከድልድዩ ሥር ስለነበረው ኩሬና አሁን ስለሚንሳፈፍበት ነገር የሚጽፍ ሰው ምሳውን መብላት አይችልም።

አራተኛ፦ ስለ ባቡሩ ስለ ራሱ። እዚህ ላይ ታግሠው ያንብቡልኝ። ትኬት ቆርጠን፣ ወንድሜን አስቀምጬ፣ ከጎኑ ተቀምጬ ቀና ስል ከፊታችን ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። ዝቅ ብዬ ሳይ የባቡሩ የብረት እግሮች ከሐዲዱ ጋር ተበይደዋል። ስክሪኑ ላይ በረዶ የለበሰ የማን አገር እንደሆነ የማይታወቅ ጫካ ማለፍ ጀመረ፤ ከወንበሩ ሥር የተቀበረ ሞተር መቀመጫችንን ይነቀንቀው ገባ፤ ድምፅ ማጉያው "ክቡራን መንገደኞች፣ ፍጥነታችንን እየጨመርን ነው" አለ። ባቡሩ ግን ካለበት ስንዝር አልተነቃነቀም። ሌሎቹ ስክሪኑን እያዩ ይስቃሉ፤ ልጆቹም ያጨበጭባሉ።

ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እየሄድን ነው?" አለኝ። አፌን ሳልከፍት ሠረገላው ላይ የነበረው ትኬት ቆራጭ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረገና "አዎ በያቸው፣ ምን ቸገረሽ፣ ደስ ይበላቸው" አለኝ በሹክሹክታ። የወንድሜን ፊት አየሁት። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እንዲያ ሲፈካ አይቼው አላውቅም። አንጀቴን በላው። "አዎ፣ እየሄድን ነው" አልኩት። ምን አቀበጠኝ! ወዲያው እጁን በጎን አውጥቶ ዘረጋ። ጽዶቹን እየጠበቀ ነው። ጽዶቹ ተቆርጠው ቦታው የመኪና ማቆሚያ ከሆነ ቆይቷል፤ እጁ ግን እንደተዘረጋ ቀረ።

ይህ ሳያንስ፣ የጉዞ ነፋስ እንዲመስል ብለው ያስተከሉት ቬንትሌተር ተነሣ። ከየት ቢሉ፣ ከኋላችን! ወንድሜ ማጅራቱን ዳሰሰና ጮክ ብሎ "ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚሄደው?" ሲል ሠረገላው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ቬንትሌተሩ ስለምን ከፊት እንዳልሆነ ትኬት ቆራጩን ብጠይቀው "ሶኬቱ በኋላ በኩል ነው" ብሎ አስረዳኝ። ነፋስ ከሶኬቱ አቅጣጫ እንዲነፍስ ላደረጉት የቴክኒክ ክፍል ባልደረቦችዎ ያለኝን ልባዊ አድናቆት በዚህ አጋጣሚ ያድርሱልኝ።

ሳቁን ሲሰማ ወንድሜ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ከዚያ አንድ እግሩን ቀስ አድርጎ በሠረገላው ጎን ወደ ታች አወረደ። እኔ ሞኟ ባቡሩ የሚሄድ ይመስል "ተው!" ብዬ ጮህኩ። እግሩ መሬት ላይ አረፈ። እዚያው አርፎ ቆየ። ድምፅ ማጉያው "እንኳን በሰላም ደረሳችሁ" ሲል ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ "ደረስን?" አለኝ። ክንዱን ይዤ ወደ ቤት መራሁት።

አምስተኛ፦ በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ምክትልዎ በታላቅ ትሕትና ተቀበሉኝ። ባቡሩ የተበየደው ለተሳፋሪው ደኅንነት ሲባል መሆኑን፣ ከተበየደ ወዲህም አንድም ግጭት አለመድረሱን አስረዱኝ። እንዴት ያለ ድል ነው! በዚሁ አያያዝ መናፈሻውን ከናካቴው ቢዘጉት ደግሞ የሚያስነጥስ ሰው እንኳ ባልተገኘ ነበር። አክለውም "ሰዉ ሁሉ እያየ ነው የሚሳፈረው፤ አይቶ የተሳፈረ ቅሬታ የለውም" አሉኝ። "ያላየውስ?" ብዬ ስጠይቃቸው ሻይ አዘዙልኝ።

ገንዘቤ ይመለስልኝ አልልም። ጽዶቹን መልሱ፣ ዋሻውን እጠቡ ብዬም አላስቸግርዎትም፤ ይህ ከአቅምዎ በላይ እንደሆነ ባየሁት ተረድቻለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በትኬት መሸጫው መስኮት የተቀመጠችው ልጅ ባቡሩ እንደማይሄድ ለእያንዳንዱ ሰው በአፏ ትንገር። መንገር ብቻ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፣ ሶኬትም አያስፈልግም።

ወንድሜ ክፍሉ ገብቷል፤ ውጣ ማለቱንም ትቼዋለሁ። አሁን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ፀሐይ ወጥቷል ስለው ሄዶ እጁን በመስኮቱ ያወጣል። ብርጭቆው ሞልቷል ስለው ጣቱን ይነክርበታል። ሸሚዝህ ንጹሕ ነው ስለው አውልቆ ያሸተዋል። አይቆጣኝም፣ አይወቅሰኝም፤ ምነው በተቆጣኝ! ዓይኑን በሽታው ወሰደው፣ ይሁን፤ ቀሪዋን ዓይኑን፣ እኔን፣ ግን የወሰደበት የእናንተ ባቡር ነው። ክቡር ሆይ፣ ተጸይፌያለሁ። ባቡርዎን፣ ሻይዎን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ "አዎ" ያለውን የገዛ አፌን ተጸይፌዋለሁ።

ከመሄድ በስተቀር ሁሉ ነገር ለተሟላለት ባቡርዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለስብሰባዎችዎ መልካም ፍጻሜን፣ ለብየዳውም ጽናትን እየተመኘሁ፣ ከተሳፈረችበት ቦታ ላይ በሰላም የወረደችው መንገደኛዎ፣

ልብስ ሰፊዋ

ሳልጨምር የማላልፈው፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ከመላኬ፣ እንዲወጣም ለጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ከላይ እስከ ታች ለወንድሜ አነበብኩለት። በጥሞና አዳምጦ "እግዜር ይስጥሽ" አለኝ። ከዚያ ጎረቤታችንን አስጠራ፤ እኔን ወደ ውጭ እንድወጣ በትሕትና ጠይቆ፣ ደብዳቤውን እንደገና አስነበባት።