ስልኩን ከሳጥኑ አውጪው

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው? እህቴስ ትምህርቷን እየበረታች ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ብቻ ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፅሽን ስላልሰማሁ ጆሮዬ ሥራ ፈት ሆኗል።

እህቴ የጻፈችልኝ ደረሰኝ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን «የስልክ ጨረር አንጎል ያቃጥላል» ቢልሽ፣ ስልኩን በፎጣ ጠቅልለሽ ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል አሉ። መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥዬ ግን አባዬ ትንፋሽ ባጠረው ዕለት እህቴ ሐኪም ፍለጋ በእግሯ ስትሮጥ እንደነበር ሳነብ ሳቄ ደረቀ። እንኳን ተረፈልን።

ስለዚህ ነገር የምነግርሽ ከወሬ ሰምቼ አይደለም። እማዬ፣ ይቅር በይኝ፣ ዋሽቼሻለሁ። «ቢሮ ነው የምሠራው» ያልኩሽ ሐሳብ እንዳይገባሽ ብዬ ነው። ሥራዬ የስልክ ማማ መውጣት ነው። ቀበቶዬን ታጥቄ፣ አርባ ሜትር ላይ ተንጠልጥዬ አንቴና እቀይራለሁ። እህቴ፣ ይህን ስታነቢላት እንዳትዘልዪው፤ ብቻ ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

ባለፈው ወር የሆነውን ልንገርሽ። አብሮኝ የሚወጣ ልጅ አለ፤ ሁሉ ነገር ስለሚያስቸኩለው «ጥድፊያ» እንለዋለን። የዚያን ቀን አለቃችን «የአንቴናዎቹ ኃይል ጠፍቷል፣ ውጡ» አለን። ጥድፊያ ቀድሞኝ ወጣ። ሁላችንም ደረታችን ላይ የምናስራት፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል መለኪያ አለች፤ ጨረሩ ከልኩ ሲያልፍ ትጮኻለች። የእሱ ባትሪዋ አልቆ ኖሯል። የእኔ ወደ አንቴናው ስጠጋ ጮኸች።

ለአለቃችን በመገናኛ ሬዲዮ ነገርኩት። «እሷ ዝም ብላ ነው የምትጮኸው፤ ከምሳ በፊት ጨርሱልኝ» አለኝ። እኔ ግን አልወጣም አልኩ። ጥድፊያንም ውረድ አልኩት፤ «አይ ፈሪ!» ብሎ ሳቀብኝ። እማዬ፣ በዚያች ሰዓት የፈራሁት ከፍታውን አልነበረም፤ ከሥራ መባረርን ነው። ቢሆንም ባለሁበት ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ጥድፊያ «ፊቴን ምድጃ ፊት እንደቆምኩ ሞቀኝሳ» አለና ሳቁን ትቶ ወረደ። አለቃችን ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ደውሎ ሲያጣራ፣ አንደኛው አንቴና በስህተት ሳይጠፋ ቀርቶ ኖሯል። ጥድፊያን ሐኪም አየው፣ ምንም አልሆነም። በማግስቱ አለቃችን ሁላችንም ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መለኪያዋ ከጮኸች እኔ ብልም አትውጡ» አለ። ከዚያ ወዲህ ጥድፊያ እንኳ ሳይጠይቀኝ አንድ ደረጃ አይረግጥም።

እንግዲህ ያ ትልቅ አንቴና ነው፣ እሱም አፍንጫው ሥር ቆመንበት። ያንቺ ስልክ ጉልበት ከዚያ ጋር አይወዳደርም። የደህንነት አስተማሪያችንን «እናቴን ይጎዳት ይሆን?» ብዬ ስጠይቃት፣ ይህ እንደ ራጅ ያለ ጨረር አለመሆኑን፣ ሲበዛ የሚያደርገው ማሞቅ መሆኑን ነገረችኝ። በስልክ መጠን ጉዳት ማድረሱ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ተመራማሪዎቹ ግን ማጥናታቸውን አላቆሙም አለች። ሐሳብ ከገባሽ መፍትሔው ማራቅ ነው። ድምፅ ማጉያውን ክፈቺና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገሽ አውሪኝ። ጓዳ ገብተሽም አታውሪ፤ ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ ይበልጥ ጉልበት ያወጣልና መስኮቱ አጠገብ ሁኚ።

እኔ የምፈራልሽ ሌላውን ነው። ቻርጅ ላይ ሳለ በፎጣ አትጠቅልዪው፣ ትራስ ሥርም አታድርጊው፤ ባትሪው ይግላል። መንገድ ስትሻገሪ ብደውል አታንሺው። እኔ እጠብቃለሁ፣ መኪና ግን አይጠብቅም።

እሑድ ከምሳ በኋላ እደውላለሁ። ልትቆጪኝ ከሆነም በስልክ ተቆጪኝ፤ ቁጣሽም ናፍቆኛል።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። እህቴን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለሮጠችበት እግሯ ጫማ እልክላታለሁ። አክስቴን እንዴት ነሽ በይልኝ። ልብስ ሰፊውንም አትቀየሚው፣ ለአንቺ አስቦ ነው፤ ሰላም በይልኝ። ልጅሽ ምን ይሠራል ብሎ ከጠየቀሽ ግን እውነቱን ንገሪው፤ ሳትደብቂ፣ ቀና ብለሽ።

ማማ የሚወጣው ልጅሽ

ከሥራ ቦታዬ፣ ከማማው ሥር
ኅዳር 9 ቀን