ካርታው «ወንዝ ነሽ» ላላት ጓሮዬ አንዲት በር

ለክቡር የወንዝ ዳር ማስዋብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ ከእናቴ ጋር ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በታች፣ እርስዎ ባሳጠሩልን አዲስ አጥር ውስጥ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ውጭ ወጥቼ ብርድ እንዳይመታኝ ስለተደረገልኝ ጥንቃቄም ደስታዬ ልክ የለውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎመንና ቆስጣ ስተክል ጓሮዬ ይህን ያህል ሲከበር አይቼ አላውቅምና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በሦስት በኩል የቆመው የብረት አጥር እጅግ ያምራል፤ በአራተኛው በኩል ወንዙ ራሱ ስላለ ማጠር አላስፈለገም። በር ረስተዋል ብለው የሚያሙዎት ጎረቤቶች አሉ፤ እኔ ግን ሌባ እንዳይገባብን አስበው ነው ብዬ ተሟግቼልዎታለሁ።

፪ኛ. ጎረቤቴ እንድሪያስ ባስጠጋልኝ መሰላል አጥሩን ተሻግሬ፣ ቀሚሴንም ቀድጄ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ካርታ ክፍል ያለችው ልጅ፣ እግዜር ይስጣት፣ ቤቴም ጓሮዬም ሰማያዊ ቀለም መቀባታቸውን አሳየችኝና ወንዝ ውስጥ ሰው ስለማይኖር በር አይፈቀድም አለችኝ። መሬት መሆኑን እንድታምን ጫማዬ ላይ ያለውን የጓሮዬን ጭቃ ባሳያት፣ ጭቃውን ለውሃው ማስረጃ አድርጋ መዘገበችልኝ። እኔም አመስግኜ በመሰላሉ ተመልሼ ወንዜ ውስጥ ገባሁ።

፫ኛ. እስካሁን ያልኩት እንኳ ጨዋታ ነው። እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነውና መሰላል አይወጡም፤ የጊዮርጊስን ቅዳሴ በአጥሩ ሽንቁር ቆመው ያዳምጣሉ። ወንዙ ሐምሌ ላይ ሲሞላ እስከ ደጃችን ይመጣል፤ ዱሮ በጎመኑ መደብ ዳር ደግፌያቸው ወደ አስፋልቱ እንወጣ ነበር። አሁን እዚያ ላይ የእርስዎ አጥር አለ፤ ከኋላችን ውሃው፣ ከፊታችን ውበቱ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ አንዲት አሮጊት ከነምርኩዟ የምታልፍባት በር፣ ክረምቱ ሳይገባ እንዲከፈትልን በትሕትና እለምናለሁ። በር ካልተቻለ፣ ለወንዝ ነዋሪ እንደሚገባው ጀልባ ይታዘዝልን።

ደስታዋ ከአጥሩ አልፎ መሄድ ያልቻለው፣
አክባሪዎ ቆንጅት ካላዩ
ከሰማያዊው ቀለም ውስጥ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጽሕፈት ቤትዎ ክበብ ረቡዕና ዓርብ የሚያቀርብልዎት ጎመን የሚበቅለው እዚሁ «ወንዝ» ውስጥ ነው፤ በአጥሩ አናት ላይ እስር በእስር የማቀብለው እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ ጎመኑ ከቀረ ግራ አይጋቡ፤ ካርታዎ ትክክል ሆኗል ማለት ነው።