የአባባ ውርንጭላና የአንተ ነጭ ታይገር

ይድረስ ከሩቅ አገር ላለኸው፣ ስምህ ከቤታችን ለማይጠፋው ወንድሜ ለሀብቱ እንየው፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የበረሃው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍ ትተኛለህ ወይስ ያ የዳንግላው ጓደኛህ ዓባይነህ አሁንም ያንኮራፋብሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ አንደበቷ ጤነኛ ነው። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም።

ደብዳቤህና በአራዊት ማቆያው የምትመግባት የነጯ ታይገር ፎቶ ደርሰውናል። እናታችን ፎቶውን እንዳየች «ልጄን የነብር ቀላቢ አደረጉት!» ብላ አለቀሰች። የኛ አገር ነብር ነጠብጣብ ነው፣ ይቺ ባለ መስመሯ ሌላ አውሬ ናት፣ ደግሞም በብረት አጥር ውስጥ ናት ብላት «ጥርሷስ?» አለችኝ።

አባባ ግን ፎቶውን ይዘው በቀጥታ ወደ ጋጣው ሄዱ። ነጯን ውርንጭላ መቼም አትረሳትም፤ ከቢጫዋ ባዝራችንና ከጎረቤታችን ከውቤ ቢጫ ድንጉላ የተወለደችውን። አሁን ለድንጉላ ደርሳለች። ሰማያዊ ዓይኗንና ሮዝ አፍንጫዋን ከፎቶው ጋር አስተያይተው «ይቺማ እህቷ ናት» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ መንደሩን በወሬዋ አደነቆሩት። ምኞታቸው ነጭ ወንድ ወልዳላቸው፣ ለጥር ጊዮርጊስ ግልቢያ ከገዛ ቤታቸው ዘር አምባላይ ፈረስ ማውጣት ነው። ከሌላ ቀለም ጋር ብትገናኝ ነጭ አይወጣም ብለው፣ ከዚያው ከውቤ ድንጉላ ሊያስጠቋት ቀን ቆረጡ።

«አባባ፣ አባቷ እኮ ነው» ብላቸው «ፈረስ ሽማግሌ አይልክ፣ አንቺን ምን አገባሽ?» ብለው አባረሩኝ። ይህን የሚሉት እኮ አገር ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት የሚቆጥሩት፣ ስንቱን ሙሽራ ዘመድ ነህ ብለው ያስቀሩት አባታችን ናቸው! እኔም ወደ ማጀቴ ገባሁ። ተሸንፌ አይደለም፤ የደብዳቤህን ሁለተኛ ገጽ ምስክር ባለበት ላነብ አስቀምጬው ነበር።

ውቤ ድንጉላውን እየሳበ የመጣ ዕለት አባባ ኮራ ብለው «እስቲ የልጄን ደብዳቤ አንብቢለት» አሉኝ። አነበብኩ። ታይገር ነጭ የሚሆነው ያው ዘር ከእናትም ከአባትም ሲደርሰው ብቻ እንደሆነ፣ ወላጆቹ ራሳቸው ቀይ መስለው ነጩን በውስጣቸው ደብቀው ሊይዙ እንደሚችሉ፣ በጫካ ይህ የሚገጥመው ከስንት አንዴ እንደሆነ። ሰዎች ግን ነጩ እንዳይጠፋባቸው አባትን ከልጁ፣ ወንድምን ከእህቱ እያዳቀሉ ማኖራቸውን ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ያንተዋ ዓይኗ ሸውራራ መሆኑን፣ ሥጋ ስትጥልላት ስታ አጠገቡን እንደምትነክስ፣ ጫካ ብትለቀቅ አድና መብላት እንደማትችልም ጨምሬ አነበብኩ።

ውቤ ገመዱን እንደያዘ «አያ እንየው፣ አምና ለልጄ ያጨኋትን ልጅ አምስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ ብለው አስተዉኝ። ዛሬ ለፈረሴ የገዛ ልጁን ሊድሩለት ነው?» አላቸው።

እናታችን ከውስጥ ሆና በሳቅ ፈረሰች። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። አባባ ድንጉላውን አዩ፣ ውርንጭላዋን አዩ፣ ኋላ ራሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸው። ድንጉላው ገብሱን በልቶ እንደመጣ ተመለሰ።

ውቤ ከሄደ በኋላ ግን አባባ አጥሩን ተደግፈው ፎቶውን ከውርንጭላዋ ጋር ደግመው አስተያዩት፤ አሳዘኑኝ። ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፣ አምባላዩን በዓይናቸው ለማየት ሌላው መንገድ፣ ከሌላ ቀለም አስወልዶ የልጅ ልጇን መጠበቅ፣ ሩቅ ነው። ቢሆንም በሳምንቱ አዘና ድረስ ወስደው፣ ከኛ አገር ፈረሶች ዝምድና ከሌለው ቀይ ዳማ ድንጉላ አስጠቋት። የሚወለደው ቢጫ እንጂ ነጭ እንደማይሆን አሳምረው ያውቃሉ።

ዓባይነህን በጣም ሰላም በልልኝ። ልጄ ሸጋ፣ «አጎቴ የታይገር ጢም ይላክልኝ» ትላለች፤ እንዳትሞክረው። ውቤ ከነቤተሰቡ፣ እናታችንም ከነምርቃቷ ሰላም ብለውሃል። አባባ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አሉኝ፦ «ቢጫ ይሁን፤ ጤነኛ ይሁን እንጂ። ነጩን በውስጡ ይዞ ይደግ። ከሩቅ ዘር ተገናኝቶ አምባላዩ የወጣ ዕለት፣ እኔ ባልኖር አንተ የምትወልደው ይጋልበዋል።»

የምትወድህ እህትህ
የወርቅውሃ እንየው

ዘንገና፣ እንጅባራ
የካቲት 24 ቀን 2008 ዓ.ም.