ቲማቲም ወጥቶ ስብሰባ ስለገባበት የላስቲክ ቤት

ለተከበሩ የከተማችን የላስቲክ ቤት ፕሮጀክት አስተባባሪ
ቦንጋ

ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ በዚህ ሁሉ ዝናብ ጉንፋን እንኳ ደፍሮ ወደ እርስዎና ወደ ባልደረቦችዎ እንዳይጠጋ እመኛለሁ፤ ደግሞም አይጠጋም፣ የተቀመጣችሁበት ይሞቃልና።

እኔ ከግቢያችሁ ፊት ለፊት ሱቅ ያለኝ ሱሩር ነኝ። በክረምቱ ብርድና ዝናብ ቲማቲም ደጅ ላይ እየበሰበሰ ስላስቸገረ፣ ባለቤቴ ሀፍሳና ጎረቤታችን እትዬ ተሾመች በላስቲክ ቤታችሁ ችግኝ እንዲያፈሉ በራስዎ አንደበት ተጋብዘው፣ አፈሩን ሳይቀር ከየጓሯቸው ተሸክመው ማምጣታቸውን አይዘነጉትም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ቤቱ ከአዳራሻችሁ የበለጠ እንደሚሞቅ ችግኙ ገና ብቅ እንዳለ ደርሳችሁበት የግምገማ ስብሰባችሁን ወደዚያ በማዛወራችሁ አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው። ቲማቲም የሚወደውን ሙቀት ኃላፊም እንደሚወደው ያለ እናንተ ማን ያስተምረን ነበር?

2ኛ. ወንበር እንዲገባ ችግኞቹን ለጊዜው ብላችሁ ወደ ደጅ ስታወጡ፣ የበቀሉባቸውን ጣሳዎች በመስመር አሳምራችሁ ስለደረደራችሁ እናመሰግናለን። በረዶው ሲወርድ እነሱን ፍለጋ አልተንከራተተም። ሀፍሳ ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም፤ ይህን የምጽፈው ለአጀንዳ ብዬ ሳይሆን ስለከፋኝ ነው።

3ኛ. ግምገማው በስተመጨረሻ ችግኞቹ ያልጸደቁት በተጠቃሚዎቹ የአመለካከት ችግር ነው ብሎ መደምደሙን ሰምተናል። እትዬ ተሾመች አመለካከታቸው በረዶ እንደሚያወርድ እስከ ዛሬ ባለማወቃቸው በእጅጉ አፍረዋል።

ላስቲኩ እንዳያፈስባችሁ፣ ወንበሩ እንዳይቀዘቅዝባችሁ፣ ውይይቱም ፀሐይ እስክትወጣ እንዲዘልቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ ደጅ ከቀሩት ጣሳዎች ጎን ቆሜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ሱሩር ያህያ
መስከረም 2002 ዓ.ም.

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ሀፍሳና እትዬ ተሾመች ከበረዶው የተረፉትን ጥቂት ችግኞች ከሱቄ በስተጀርባ ተክለው፣ ቀርከሃ አጉብጠው ላስቲክ አልብሰዋቸዋል፤ አበባ ጀምረዋል። ዲዛይኑን ለመውሰድ ከፈለጋችሁ ደጃችን ክፍት ነው። ቁመቱ ግን ከጉልበት አያልፍም። ሀፍሳ ዝቅ ያደረገችው ሆን ብላ ነው፤ ወንበር እንዳይገባበት።